ደብዳቤዬን አልቀበልም ብለውኛል፤ ሥራዬን መልቀቅ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ስቶር ኪፐር ሆኜ 3 ዓመት ከ4 ወር ሠርቻለሁ። አሁን ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዤ ብገባ የሰው ኃይል ኃላፊዋ «ሥራ አስኪያጁ ሳይፈቅዱ አልቀበልም» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ተተኪ ሳናገኝ የትም አትሄድም፤ ውልህ ላይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ፤ ጥለህ ከሄድክ ክሊራንስም የሥራ ልምድም አታገኝም፤ ዋስህንም እንጠይቃለን» አሉኝ። ዋሴ አጎቴ ናቸው። አዲሱ መሥሪያ ቤት በ40 ቀን ውስጥ እንድጀምር ይፈልጋል። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ሰላም ለእርስዎ። አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ ይችላሉ። ሥራ አስኪያጁ ባይፈርሙም፣ ተተኪ ባይገኝም፣ ክሊራንስ ባይሰጥዎትም ደብዳቤዎ በአግባቡ ለድርጅቱ ከደረሰ ሕጉ ያስቀመጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሲያልቅ የሥራ ውልዎም ያበቃል። ስለዚህ 40 ቀኑ ይበቃዎታል፤ ዛሬ ነገ ካላሉ ግን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በቋንቋችን ምክንያት ይመስለኛል። «መልቀቂያ ጠየቅሁ» እንላለን፤ «መልቀቂያ ከለከሉኝ» እንላለን። ደብዳቤው ላይ ሳይቀር «ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለመጠየቅ» ብለን እንጽፋለን። የጠየቀ ሰው ደግሞ መልስ ይጠብቃል፤ መልሱም «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ነገሩን እንደ ጥያቄ አያየውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 31 ላይ የሚለው፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ማንኛውም ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት የሥራ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ነው። በመስጠት እንጂ በማስፈቀድ አይልም። «ማስጠንቀቂያ» የሚለውም ቃል ሰው ያደናግራል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ማስጠንቀቂያ ሲባል አርፍዶ ለመጣ ሠራተኛ የሚጻፈው ደብዳቤ ነው ቀድሞ የሚታሰበን። እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። 30 ቀኑ የተሰጠው አሠሪው ሰው እንዲፈልግና ሥራውን እንዲረከብ ነው፤ ሰው አገኘም አላገኘም ቀኑ ሲያልቅ ያልቃል።

ነገሩ ከአዋጁም በላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዲሠራ አይገደድም ይላል። አሠሪ ውል ፈረሰብኝ ብሎ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችል ይሆናል፤ ሠራተኛውን ግን በግድ ወደ ወንበሩ የሚመልስለት ዳኛ የለም።

ወደ ሁለት ወሩ ልምጣ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ከየት እንዳመጡት እገምታለሁ። የአዋጁ አንቀጽ 35 የማስጠንቀቂያ ጊዜን በአገልግሎት ዘመን ይደለድላል፤ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር። የእርስዎ 3 ዓመት ከ4 ወር በትክክል ሁለት ወሩ ላይ ያርፋል። ይህ ድልድል ግን አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት መስጠት ያለበት ጊዜ ነው። እርስዎን ቢያሰናብቱ ኖሮ እሳቸው ለእርስዎ የሚሰጡት ሁለት ወር ማለት ነው። በብዙ ድርጅቶች ይህ ድንጋጌ ተገልብጦ ወደ ሠራተኛው ውል ሲገባ አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ባለማወቅ፣ አንዳንዴ እያወቁ። የሥራ ውል ደግሞ በሕጉ ከተቀመጠው ያነሰ መብት ለሠራተኛው ሊሰጥ አይችልም። ሕጉ 30 ቀን ብሎ ነፃ የሚያወጣዎትን ሰው ውሉ 60 ቀን ልያዘው ካለ፣ ያነሰ መብት ማለት ይኸው ነው።

ክርክር ቢነሳ እንኳ የጉዳቱን ልክ ይወቁት። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ በአንቀጽ 45 መሠረት ለአሠሪው ካሣ ይከፍላል፤ ካሣው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፤ የሚታሰበውም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው። ይህን የጻፍኩት ከፍለው እንዲሄዱ አይደለም። እርስዎ ማስጠንቀቂያውን ሰጥተው ስለሚወጡ እዚህ ውስጥ አይገቡም። «በሕግ እንጠይቅሃለን» የሚለው ዛቻ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው መጠኑ ስለማይታወቅ ነው፤ መጠኑ ይኸው ነው።

የሚከተለውን ስጽፍ ቅር እያለኝ ነው። ወደ ማማከር ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዛ ትመላለስ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ላልቶ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፤ ያንኑ ወረቀት ነው ደጋግማ ያመጣችው፤ ቀኑን ብቻ በእስክሪብቶ ሰርዛ ከላዩ ሌላ ቀን ጽፋበታለች። አለቃዬ አስቀድመው «እንዳትቀበላት፤ ከተቀበልክ መዝገብ ላይ ይወጣል» ብለውኝ ነበር። አልተቀበልኳትም። «እስቲ ትንሽ ታገሺ፣ አነጋግርልሻለሁ» ብዬ መለስኳት። አራት ወር ቆየች፤ ሲጠብቃት የነበረው ቦታ በሌላ ሰው ተያዘ። የአለቃዬ ቃል ዘግይቶ ነው የገባኝ። እሳቸው ሕጉን በደንብ ያውቁት ነበር። ደብዳቤው ከደረሰ ቀኑ መቆጠር እንደሚጀምር፣ መቆጠር ከጀመረም ማስቆም እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ነው እንዳይደርስ ያደረጉት።

እርስዎም ዘንድ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ስለዚህ ፈቃድ ለማግኘት ደጅ መጥናትዎን ይተዉና ያለዎትን ኃይል ሁሉ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ላይ ያውሉት። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ደረሰኝ፣ ምስክር፤ ከእነዚህ አንዱን በእጅዎ ያስገቡ።

ሕጉ እዚህ ላይ ያግዝዎታል። ሠራተኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ በእጅ ይሰጣል፣ ወይም ለጽሕፈት ቤቱ ይደርሳል ነው የሚለው። ይህ «ለጽሕፈት ቤቱ» የሚል ቃል ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ቢሰበስቡም ደብዳቤው ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ደብዳቤውን በሦስት ኮፒ ያትሙ። መጀመሪያ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሳይሆን ወደ መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ ለብቻው መዝገብ ቤት ከሌለ ገቢ ደብዳቤ የምትቀበለዋ ጸሐፊ ዘንድ። ገቢ ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶት በእርስዎ ኮፒ ላይ ማኅተምና ቀን ካረፈበት ነገሩ አለቀ። ግልባጭ ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ለፋይናንስና የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ ያድርጉ፤ ግልባጭ የበዛበት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም።

እዚያም አልቀበልም ካሉዎት አይከራከሩ፤ ድምፅዎንም ከፍ አያድርጉ። ሁለት የሥራ ባልደረቦችዎ ባሉበት ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና በእርስዎ ኮፒ ጀርባ ላይ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለእገሌ ቀርቦ አልቀበልም መባሉን ጽፈው ምስክሮቹ ይፈርሙበት። ሥራ ላይ ያለ ባልደረባ ለመፈረም ሊፈራ ይችላል፤ አይፍረዱበት። ለዚህም ነው ፖስታ ቤት ያለው። በዚያው ቀን ሪኮማንዴ በሚባለው የአደራ ደብዳቤ በድርጅቱ አድራሻ ይላኩት፤ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ማረጋገጫ ተመልሶ እንዲመጣልዎም ይጠይቁ። የላኩበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የድርጅቱ ኢሜይል ካለዎት ፊርማዎ ያለበትን ደብዳቤ ስካን አድርገው ይላኩ፤ ለሥራ አስኪያጁም በቴሌግራም። ኢሜይሉና ቴሌግራሙ ለብቻቸው እንዲሸከሙት አይተዉት፤ ለዋናው ማስረጃ ድጋፍ ይሁኑ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ምሬት፣ ወቀሳ፣ የደመወዝ ማነስ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት፣ ምንም አይግባበት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ማቋረጤን ስለማሳወቅ። በድርጅቱ ውስጥ በስቶር ኪፐርነት በመሥራት ላይ እገኛለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት የሥራ ውሌን በራሴ ፈቃድ የማቋርጥ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ኅዳር 5 ነው። በእጄ የሚገኘውን ንብረትና ሰነድ የሚረከበኝ ሰው በጽሑፍ እንዲመደብልኝና ቆጠራ እንዲካሄድ እጠይቃለሁ።»

«እጠይቃለሁ» የሚለው ቃል የገባው ለርክክቡ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ቀኑን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት። ማስጠንቀቂያው መቆጠር የሚጀምረው በአግባቡ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው። ደብዳቤው ጥቅምት 5 ከገባ፣ ማግስቱም የሥራ ቀን ከሆነ፣ ጥቅምት 6 አንድ ተብሎ ኅዳር 5 ላይ 30 ይሞላል። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች ብቻ ይጠንቀቁ። ደብዳቤው በፖስታ ከሄደ ግን ከላኩበት ሳይሆን ከደረሰበት ቀን ይቁጠሩ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢያስረዝምብዎትም ማንም የማይነቀንቀው ቀን ይሻላል። ለአዲሱ መሥሪያ ቤትም ይህን ቀን ይንገሩ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልግባ፤ መጋዘኑ። የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ሾፌር ቢሆኑ ኖሮ መልሴ እዚህ ጋ ሊያበቃ ይችል ነበር። ስቶር ኪፐር ግን በስሙ የተመዘገበ የሌላ ሰው ሀብት አለው። አሠሪው ደብዳቤውን ማስቆም ሲያቅተው የሚሄድበት ሁለተኛ መንገድ ይህ ነው፤ ተረካቢ ሳይመድብ ዝም ይላል። 30 ቀኑ ያልቃል፣ ሠራተኛው ይሄዳል፣ ከሁለት ወር በኋላ «ቆጥረን ጉድለት አገኘን» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ አንዳንዴም በእምነት ማጉደል ክስ። መጋዘኑ በሁለቱ ወራት ውስጥ በማን እጅ እንደነበረ ማስረዳት ያኔ ከባድ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ካስገቡበት ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከመዝጋትዎ በፊት ለራስዎ ይቁጠሩ። አንድ መደርደሪያ በአንድ ቀን። ቢን ካርዱ (መጋዘን ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለው ቀሪ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃና ሒሳብ ክፍል ያለው ስቶክ ካርድ ይገጥማሉ? ልዩነት ካለ አሁን ይታወቅ። በእኔ ልምድ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሌብነት ሳይሆን በስልክ ከወጣ ዕቃ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይደውላሉ፤ «ለእገሌ አሥር ካርቶን ስጠው፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» ይላሉ። ዕቃው ይወጣል፣ ወረቀቱ አይመጣም። እርስዎ ዘንድም እንዲህ ያለ ዕቃ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ያለ ወጪ ማዘዣ የወጣውን ሁሉ በቀን፣ በዓይነት፣ በብዛትና በአዛዡ ስም ዘርዝረው፣ ወረቀቱ እንዲሟላ በጽሑፍ ይጠይቁ። የስልክ መልእክት ካለ አያጥፉ። ከእንግዲህ ደግሞ ያለ ወረቀት አንድ ካርቶን አያውጡ፤ «ልለቅ ስለሆነ ርክክብ ላይ ነኝ» የሚለው ምክንያት በቂ ነው።

አሥረኛው ቀን ላይ ተረካቢ ካልተመደበ አስታዋሽ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ሃያኛው ላይ ሌላ። እነዚህም እንደ መጀመሪያው ማኅተም ወይም የፖስታ ደረሰኝ ይኑራቸው። ከተመደበ እሰየው፤ ቆጠራው ከፋይናንስ አንድ ሰው ባለበት ተካሂዶ የርክክቡ ሰነድ በየገጹ ይፈረም፤ አንዱ ዋና ለእርስዎ ይቅር። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ፊርማው በቀለም ያረፈበት።

እስከ መጨረሻው ቀን ማንም ካልመጣስ? የቆጠራ ዝርዝርዎን ያትሙ፣ ሊገኙ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ይጥሩ፣ መጋዘኑን ቆልፈው መቆለፊያው ላይ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይለጥፉ፣ ያደረጉትንም በአጭር ቃለ ጉባኤ ይያዙ። ቁልፉን ከቃለ ጉባኤውና ከዝርዝሩ ጋር ፖስታ ውስጥ አሽገው ለሰው ኃይል ክፍል ወይም ለፋይናንስ በፊርማ ያስረክቡ። ቁልፉን ይዘው ወደ ቤት እንዳይሄዱ አደራ። ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ እስካለ ድረስ መጋዘኑም በእርስዎ እጅ ነው ይባላል።

በነዚህ 30 ቀናት አንድም ቀን አይቅሩ። ታመው ቢቀሩ የሐኪም ማስረጃ ይያዙ። ተናደው ከሥራ የጠፉ እንደሆነ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ መባሉ ይቀርና «ሥራ ላይ ባለመገኘቱ ተሰናበተ» የሚል ደብዳቤ ሊከተልዎት ይችላል፤ ያ ደብዳቤ ቀጣዩ አሠሪ እጅ ሲገባ ማስረዳቱ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ክሊራንስንና የሥራ ልምድን ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ለየብቻ ናቸው። ክሊራንስ ንብረት መመለስዎን የሚያሳይ የድርጅቱ የውስጥ ወረቀት ነው። ውልዎ መቋረጥ አለመቋረጡን አይወስንም፤ ቢበዛ ክፍያዎ የሚፈጸምበትን ጊዜ ይነካል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ግን የአሠሪው ግዴታ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 12 ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። «በጠየቀ ጊዜ» ስለሚል እስኪለቁ እንኳ መጠበቅ የለብዎትም፤ ዛሬ ቢጠይቁ ዛሬ ሊሰጡዎት ይገባል። አዲሱ መሥሪያ ቤት «ክሊራንስ ካላመጣህ» የሚል ከሆነ ነገሩን ሳይደብቁ ያስረዱ፤ ማኅተም ያለበትን ማስጠንቀቂያና የርክክብ ሰነዱን ያሳዩ። ብዙዎቹ ይቀበላሉ፤ እነሱም የሚፈልጉት ጣጣ የሌለበት ሰው መሆንዎን ማወቅ ነው።

ገንዘብዎ ደግሞ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልዎ ይገባል፤ የሠሩበት ደመወዝ፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት፣ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ። ይህ ጊዜ የሚራዘመው እርስዎ በራስዎ ጥፋት ንብረት ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው፤ ለዚህም ነው ስለ ርክክቡ ያን ያህል የደከምኩት። በሒሳቡ ካልተስማማችሁ የማያከራክረውን ክፍል ከፍለው በቀረው ላይ ይከራከራሉ እንጂ ሁሉንም መያዝ አይችሉም። ያለ ምክንያት ቢያዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝዎ ድረስ ጨምረው እንዲከፍሉ ሊያዝ ይችላል። «ለጉድለት ይሆናል» ብለው ከደመወዝዎ እንዳሻቸው መቁረጥም አይችሉም፤ በአንቀጽ 59 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝዎ 1/3ኛ አይበልጥም። ስለ ጡረታ አንድ ነገር ብቻ፦ ከደመወዝዎ በየወሩ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ ድርጅቱም 11 በመቶ ሲጨምር የቆየው ከእርስዎ ጋር ይሄዳል። ከመልቀቅዎ በፊት የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙ፤ መዋጮው በትክክል መግባቱንም ያረጋግጡ። ሳይገባ የቆየበት ጊዜ አጋጥሞኛል።

እምቢ ካሉ መጀመሪያ የሚሄዱት በአካባቢዎ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ማስጠንቀቂያዎንና ደረሰኙን ይዘው ይቅረቡ፤ ከዚያ የሚደወል አንድ ስልክ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል። ካልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ግን በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል፤ «ዛሬ ነገ እንከፍልሃለን» እያሉ ስድስት ወሩን የሚያሳልፉ አሉና ቀኑን ይመዝግቡት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አዋጁ ለሚመለከተው ሠራተኛ ነው። የሥራ መሪ የሚባሉት ኃላፊዎች ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ጉዳያቸው በውላቸውና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። የመንግሥት ሠራተኛም የራሱ አዋጅ አለው። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ማስጠንቀቂያም አያስፈልገውም። ክብረ ነክ ድርጊት፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ለሕይወቱ አስጊ ሁኔታ የገጠመው ሠራተኛ ደግሞ በአንቀጽ 32 መሠረት 30 ቀን ሳይጠብቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ወዲያው መልቀቅ ይችላል፤ ይህ መብት በአጭር ጊዜ ይርጋ የሚታገድ ስለሆነ ፈጥኖ ባለሙያ ያማክር።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንዴት ይነጋገሩ? ደብዳቤው ማኅተም ካረፈበት በኋላ ገብተው ያነጋግሯቸው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። «በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ እስከ መጨረሻው ቀን በቅን ልብ እሠራለሁ፤ ተተኪውን ካመጡልኝ አሠለጥናለሁ» ይበሉ። ደመወዝ እንጨምርልህ ሊሉ ይችላሉ፤ መቀበል አለመቀበሉ የእርስዎ ነው፤ ቃል ብቻ ከሆነ ግን ከሄዱበት የሚመልስዎት ነገር አይደለም። «አሥር ቀን ብቻ ጨምርልን» ቢሉና ቢችሉ መጨመሩ ደግ ነው፤ ሆኖም እስከዚህ ቀን ተብሎ በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተራዘመ እንደሆነ «ሐሳቡን ለውጦ ቀጥሏል» ተብሎ ማስጠንቀቂያዎ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል።

የቀሩን አጎትዎ ናቸው። እሳቸው ዋስ የሆኑት በእርስዎ እጅ ለሚጠፋ ንብረት እንጂ ሥራ እንዳይለቁ አይደለም። ጉድለት ከሌለ የሚጠየቁበት ነገር የለም፤ ቢኖርም እንኳ የሚጠየቁት በዋስትና ውሉ ላይ በተጻፈው መጠን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ያልተገለጸበት ዋስትና ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የፈረሙትን ወረቀት ኮፒ ፈልገው ይመልከቱት። ደብዳቤውን ከማስገባትዎ በፊት ሄደው ይንገሯቸው፤ ከድርጅቱ በስልክ መጀመሪያ ከሰሙት ይደነግጣሉ፣ ደንግጠውም «ልጄ፣ ለምን አትቆይም» ሊሉዎት ይችላሉ። ርክክቡ እንደተፈረመ ዋስትናው እንዲወርድላቸው ለድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የርክክቡንም ሰነድ አንድ ኮፒ ለእሳቸው ይስጧቸው፤ ከዋስትና ወረቀታቸው ጋር አብረው ያስቀምጡት።